ያልነበረ ወንዝና የዳር ነጋዴዎቹ፦ ስለ ልብ ወለድ አገር አጭር ማብራሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቦሌ ተወልዶ ያደገ አንድ ተማሪዬ በሁለት ደብተር የጻፈውን የልብ ወለድ ረቂቅ እንዳነብለት ሰጠኝ። ታሪኩ የሚፈጸመው በካርታ ላይ በሌለ ወንዝ ዳር ነው። በወንዙ ግራና ቀኝ በንግድ የከበረ ሕዝብ ይኖራል፤ መርከቦች ዓመቱን ሙሉ ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳሉ፤ ነጋዴው በወርቅ ገዝቶ በወርቅ ይሸጣል። አንብቤ ስጨርስ፣ «ይህ የማን አገር ነው? የማታውቀውን ትተህ የምታውቀውን ቦሌን ጻፍ» አልሁት። ልጁ ደብተሮቹን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጽሑፍ ይዞ አልመጣም። ይህችን ማብራሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ መልሴ ስሕተት መሆኑን ዘግይቼ መረዳቴ ነው።

ስሕተቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተፈጠረ አገር ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ ነው ብዬ መገመቴ ነው። ሁለተኛው፣ የረቂቁ ጉድለት አገሩ ፈጠራ መሆኑ ሳይሆን ፈጠራው ተሟልቶ አለመሠራቱ መሆኑን አለማስተዋሌ ነው። ሁለቱንም በየተራ ላስረዳ።

በ14ኛው መቶ ዓመት በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ታምሪን የሚባል የነጋዴዎች አለቃ ያመጣልናል። መጽሐፉ የሰውየውን ሀብት ሲቆጥር 520 ግመሎችና 73 ያህል መርከቦች እንደ ነበሩት ይናገራል። ታምሪን ቀይ ወርቅ፣ ነቀዝ የማይበላው ጥቁር እንጨትና ሰንፔር ይዞ ወደ ሰሎሞን ይሄዳል። ሲመለስ ግን ከሸቀጡ ዋጋ የሚበልጥ ወሬ ይዞ ይመጣል። ንግሥት ማክዳ የሰሎሞንን ጥበብና ፍርድ የምትሰማው ከዚህ ነጋዴ አፍ ነው። ታምሪን ሄዶ ባይመለስ ኖሮ የንግሥቲቱ ጉዞ ባልተነሣ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ልብ ወለድ ብንመለከትም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ታሪኩ የሚፈጸምበት አገር በስም ተለይቶ አልተነገረም። ነገር ግን አንባቢው ወገኖቹን ለይቶ ያውቃል፤ የጦርነቱም መከራ ይሰማዋል። የተማረከ አባቱን ለማስለቀቅ ገንዘብ ፍለጋ የወጣውን ዋኅድን የሚደርስለት ማን ነው? ዘመድ ወይም መኰንን ሳይሆን የማያውቀው ነጋዴ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው መከራና ፍለጋም መነሻው ዋኅድ ያን ነጋዴ ሊፈልግ መውጣቱ ነው። ነጋዴው ከታሪኩ ቢወጣ ሴራው ይፈርሳል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከውጭ የመጣ ቢሆንም ስለ እኛ የተጻፈ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1735 የሚሲዮናዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1759 ደግሞ አገራችንን ሳይረግጥ «ራሴላስ» የተባለውን ታሪክ ጻፈ። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጉመውታል። ጆንሰን በአማራ ምድር በተራሮች የታጠረ ደስተኛ ሸለቆ ይፈጥራል። ምንጮች ከተራራው ወርደው መካከል ላይ ሐይቅ ይሆናሉ፤ ከሐይቁ የሚተርፈው ውሃ በሰሜን በኩል ባለ ጨለማ ስንጥቅ ገብቶ እያስገመገመ ከገደል ወደ ገደል ይወርዳል። በዚህ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ ለልዑሉ ስለ ውጭው ዓለም የሚነግረው ኢምላክ ነው። ኢምላክ የጎጃም ሰው ሲሆን አባቱ በመካከለኛው አገርና በቀይ ባሕር ወደቦች መካከል የሚነግድ ባለጸጋ ነው። ባለጸጋው የአገር ገዥዎች እንዳይዘርፉት ሀብቱን ይሸሽጋል።

ሦስቱ ሥራዎች በዘመን፣ በቋንቋና በዓላማ የተራራቁ ናቸው። ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ይገናኛሉ። በሦስቱም ውስጥ የተዘጋውን የሚከፍተው ነጋዴ ነው፤ ወይም የነጋዴ ልጅ ነው። አንዱ ወሬ ያመጣል፣ አንዱ ምርኮኛ ያስፈታል፣ አንዱ የታጠረውን ልዑል ያነቃል። ስለዚህ ተማሪዬ የነጋዴ ሕዝብ ሲፈጥር ከሥነ ጽሑፋችን አልወጣም፤ ሳያውቀው ወደ አሮጌ ቤት ገብቶ ነበር።

ታዲያ ረቂቁ ምን ጎደለው? በእኔ አስተያየት የጎደለው መከልከል ነው። ወንዙ ማንንም አያግድም። የአገራችን ወንዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድነቱ ይልቅ አጥርነቱ ያይላል። ዓባይን እንውሰድ። በ19ኛው መቶ ዓመት በጎጃም የባሶ ገበያ ከወንዙ ማዶ ከጉዱሩ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር የሚገናኙበት ስመ ጥር ቦታ ነበር። ከደቡብ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ ይመጣል፤ ባሮችም እየተነዱ ይመጡ ነበር። ከሰሜን ደግሞ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የተቆረጠው አሞሌ ጨው ይወርዳል። አሞሌው የሚበላ ጨው ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ክረምት ሲገባ መሻገሪያው ይዘጋል፤ ሲራራ ነጋዴውም መስከረም ጠብቶ ውሃው እስኪጎድል ይቀመጣል። በየመሻገሪያውና በየበሩ ኬላ አለ፤ ቀረጥ ሳይከፍሉ ማለፍ የለም። ነጋድራስ የሚባለውም ሹመት ከዚህ ኑሮ የተወለደ ነው።

ባሮ በአንጻሩ ተቃራኒ ነው። በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በወንዙ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላ የተቆረቆረችውም በዚህ ምክንያት ነው። በእንፋሎት የሚሄዱት ጀልባዎች ከሱዳን የሚመጡት በክረምት፣ ባሮ ሲሞላ ነው። ቡና ጭነው የሚወርዱትም ውሃው ሳይጎድል ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፦ ዓባይ ዳር ያለው ነጋዴ የዝናቡን ማብቃት ሲጠባበቅ ባሮ ዳር ያለው መምጣቱን ይጠባበቃል። በአንድ ደመና አንዱ ሲያዝን ሌላው ይደሰታል። ገጸ ባሕርይ የሚወለደው ከእንዲህ ያለው ልዩነት ነው።

መቼት ስንል መቼና የት ማለታችን ነው። የተፈጠረ አገር «የት»ን በነጻነት ይወስዳል፤ «መቼ»ን ግን ሊያመልጥ አይችልም። ስለዚህ ወንዝ የሚፈጥር ደራሲ ቢያንስ አራት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። ወንዙ በየትኛው ወር ያሻግራል? የሚሻገር ሰው ለማን ይከፍላል? የሚከፍለውስ በምንድን ነው? መክፈል ያልቻለው ከወዲህ ማዶ ሲቀር ምን ይሆናል? የመጨረሻው ጥያቄ ታሪኩን ይወልዳል። ተአማኒነት የሚገኘው ከእነዚህ መልሶች እንጂ ከወንዙ ስም ማማር አይደለም።

ለተማሪዬ «ቦሌን ጻፍ» ማለቴም ሌላ ነገር ጋርዶብኛል። ቀበናንና ግንፍሌን የመሳሰሉት የምሥራቅ አዲስ አበባ ወንዞች ከእንጦጦ በኩል ወርደው በመጨረሻ ወደ አቃቂ፣ በአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ልጁ ያደገው ባሕር በማያይ ውሃ ዳር ነው ማለት ነው። በነሐሴ ድልድይ ላይ ቆሞ ደፍራሹን ጎርፍ ያየ ሰው ወንዝ እንዴት እንደሚያግድ ያውቃል። ባሕር የማይደርስ ወንዝ ዳር የሚነግድ ሕዝብ ሸቀጡን ወዴት ያደርሳል? የወንዙ መጨረሻ ላይ ያሉትስ ከላይ ስላሉት ምን ሰምተዋል? ቦሌን መጻፍና ወንዝ መፍጠር የሚጣሉ ነገሮች አልነበሩም። እኔ ግን አንዱን እንዲመርጥ አስገደድሁት።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቻችሁ ነገ መምህራን ትሆናላችሁ። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲቀርብላችሁ «ይህ የማን አገር ነው?» ብላችሁ አትመልሱት፤ «ወንዙ በክረምት ይሻገሩታል?» ብላችሁ ጠይቁት። ያ ተማሪዬም ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ሁለቱን ደብተሮች እንደገና ቢያመጣልኝ በደስታ አነባለሁ።