የነገ መሐንዲሶች ከውኃው ይማሩ



በዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከላይ ወድቆ የሚሞት እንዳይኖር በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። የምህንድስና ሙያም ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም «የምሠራው ሥራ ማንን ይጎዳ ይሆን?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ ለላስታ ልጆች ለማስተማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው። ከዋሻው ጣራ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩም በተቀመጡት የድንጋይ ገንዳዎች ተጠራቅሞ ለጸበል ይቀዳል። ውኃው የሚወርድበትን አይቶ ገንዳውን በቦታው ያኖረ ሰው የመሐንዲስ ዓይን ነበረው።

በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ግን ውኃ ብዙ ጉዳት አድርሷል። ዝናብ በስንጥቁ እየገባ ድንጋዩን ያላላዋል። በ1950ዎቹ (ዓመታቱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለጥገና ተብሎ አንዳንዶቹ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ፤ ቅቡ ግን እርጥበቱን በውስጥ አፍኖ ስለያዘ ኋላ እንዲነሣ ተደረገ። ዩኔስኮ በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በብረት ምሰሶ የቆሙ ትልልቅ መጠለያዎች ከአንዳንዶቹ በላይ ተተከሉ። መጠለያዎቹ ዝናቡን ከለከሉ፤ ነገር ግን ለጊዜው ታስበው ሳለ ሳይነሡ ቆዩ። ክብደታቸው ያሳሰበው የከተማው ሕዝብም በ2018 ሰልፍ ወጣ።

እንግዲህ በመልካም አሳብ የተሠራ ሥራም ሌላ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ጥሩ መሐንዲስ ሥራውን ከፈጸመ በኋላም ተመልሶ ያየዋል።

ስለሆነም በየፕሮጀክታችን ምንጭ ስናጎለብት ተማሪዎችን እንጥራ። ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለምን እንደሚቆፈር፣ ዙሪያው ከከብት ለምን እንደሚታጠር ይጠይቁ። የውኃውን መጠንም ራሳቸው ይለኩ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በ100 ሰኮንድ ከሞላ፣ ምንጩ በደቂቃ 12 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ይህንኑ በደብተር ጽፈው በበጋ ደግመው ይለኩ፤ በክረምት ብቻ የተለካ ምንጭ ያታልላልና።

ማኅበረ ምእመናንም ሴቶች ልጆች ውኃ ሲቀዱ ከሒሳብ ትምህርት እንዳይቀሩ ወላጆችን አስረዱ። ዛሬ የቦዩ ጥቅም የገባት ልጅ፣ ነገ ግድብ ስትሠራ ከግድቡ በታች የሚኖረውን ሰው አትረሳም።