«ነገ ተመለሱ» ስንላችሁ

ጠጋ በሉማ። ድምፄን ዝቅ ላድርግ፤ ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ከሰማን ቅር ይለዋል።

ላፕቶፓችሁ አልበራ ሲላችሁ ይዛችሁት ትመጣላችሁ። ልጁ ይቀበልና ያገላብጠዋል፤ ፓወሩን አንዴ ጫን አድርጎ ከንፈሩን ይመጥጣል። «ይታያል፤ ነገ ተመለሱ» ብሎ ይሸኛችኋል። እናንተ ደረጃውን ወርዳችሁ ሳትጨርሱ ላፕቶፑ ከመጋረጃው ጀርባ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። ታዲያ ምን የማደርገው ይመስላችኋል?

ካቻቢቴ እንኳን አላነሳም።

የእናንተን ቻርጀር ወደ ጎን አድርጌ የራሴን እሰካለሁ። ስንቱ በዚህ ብቻ እንደሚነሳ ብታዩ! መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ከ220 ቮልት ሊያልፍ ይችላል፤ ፊት ለፊት የሚመታው ደግሞ ቻርጀሩን ነው። አንዳንዴም ጥፋቱ የላላው ዲቫይደር ነው። ስለዚህ ቤት እያላችሁ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ቀጥታ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ የጎረቤት ቻርጀርም ተዋሱ። የሞዴሉ ይሁን እንጂ።

የዴልና የኤችፒ ክብ ጫፍ ያለው ቻርጀር ካላችሁ ውስጡን እዩት። መሃል ላይ ቀጭን መርፌ አለች። 19.5 ቮልቱን የምታስገባው እሷ አይደለችም፤ ሥራዋ የቻርጀሩን ማንነት ለላፕቶፑ መንገር ነው። ከተጣመመች ወይም ከተሰበረች ዴሉ ቻርጀሩን «አላውቀውም» ይልና ባትሪውን አይሞላም። እናንተ ሰክታችሁ ትሠራላችሁ፣ ባትሪው ውስጥ ውስጡን ያልቃል፣ አንድ ቀን ስትነቅሉት ጥፍት! «ሞተ» ብላችሁ ትመጣላችሁ። መርፌ ናት እኮ!

ቻርጀሩ ደህና ከሆነስ? ይህቺን ለማንም አልነግርም ነበር። ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ፓወሩን ተጭናችሁ 30 ሰከንድ ያዙ። ልቀቁ። ባትሪውን ሳትመልሱ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ አብሩት። ማዘርቦርዱ ላይ ተርፋ የቀረች ኤሌክትሪክ ማብራትና ማጥፋቱን የሚቆጣጠረውን ቺፕ አደናግራው ከርማለች፤ ስትወጣለት ይነቃል። «ነገ ተመለሱ» የምንላችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ 30 ሰከንድ ለፈጀ ሥራ ፊታችሁ ሒሳብ መጠየቅ ይከብዳል።

ደግሞ «አይበራም» ስትሉኝ እኔ ሁለት ነገር ነው የምሰማው። ምንም መብራት የለውም ማለት ሌላ፤ መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ብቻ ጨለመ ማለት ሌላ። ሁለተኛው ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ ስክሪኑ ላይ አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታያችሁ ላፕቶፑ በርቷል፤ የጠፋው የስክሪኑ መብራት ነው። ምንም ከሌለ ራሙን እጠረጥራለሁ። አውጥቼ ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ፈተግ ፈተግ አደርግና እመልሰዋለሁ። አዎ፣ በላጲስ! መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ደግሞ ቆጥራችሁ ጻፉልኝ፤ የብልጭታው ቁጥር የትኛው ክፍል እንደታመመ ይናገራል።

አሁን ወደ ከባዱ። «ማዘርቦርዱ ሄዷል» ሲሏችሁ ወዲያው አትደንግጡ። ቀስ ብላችሁ «የትኛው መስመር ነው ሾርት ያደረገው?» በሉ። ከፍቶ ያየ ሰው ይመልስላችኋል። ያላየ ሰው ጣራ ጣራ ያያል።

ዓምና አንዲት ተማሪ እንዲህ ተብላ መጣች። ላፕቶፑ ላይ ሻይ ፈሶበት ሩዝ ውስጥ ቀብራው ሰንብታለች። ሩዙ ከማዘርቦርዱ ላይ ስኳሩን አያነሳም፤ ጊዜ ነው ያባከነባት። «እህቴ፣ መመረቂያ ጽሑፌ ውስጡ ነው» አለችኝና ድምፅዋ ተቆረጠ። መጀመሪያ ያልኳት «ጽሑፍሽ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም ያለው» ነው። ዲስኩ ለብቻው ይወጣል፣ በኬዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። በአዳዲሶቹ ማክቡኮችና በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ግን እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ እንዲህ ቀላል አይደለም። የእሷ ይወጣል።

እሷ እያየች ፈታሁት። ሻይ የነካውን በአልኮል አጠብኩ፣ በቴስተር ለካሁ፤ ዋናው መስመር ሾርት ነው። እዚህ ጋ ነው ሥራዬን የምወድላችሁ። መስመሩ ላይ 1 ቮልት ብቻ ለቅቄ ማዘርቦርዱን እንደገና አልኮል አለበስኩትና ዝም ብዬ አየሁ። ሾርት ያደረገችው ዕቃ ስለምትግል አልኮሉ እሷ ላይ ቀድሞ ይደርቃል። ከዳር በኩል አንዲት ነጥብ ደረቀች። የጤፍ ፍሬ የምታክል ካፓሲተር! ስታኞውን አቅልጬ አነሳኋት። በዚያ መስመር ላይ እህቶቿ ብዙ ናቸው፣ ያለ እሷም ይሠራል።

ፓወሩን ራሷ እንድትጫን ሰጠኋት። ፋኑ ዞረ። ፋይሉን ከፍታ የመጨረሻውን ገጽ እስክታይ አልተቀመጠችም። ከዚያ ምንም ሳትናገር ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች።