ለፎቶግራፍ የሚሆን ማተሚያ መኪና አመራረጥ

በጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ እንደምትገኘው እንደ ደልጊ ባለች ከተማ ፎቶግራፍ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ሞልቷል፤ በወረቀት ላይ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ለተማሪ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ለአያት የሠርግ ምስል፣ ለተዝካር የሟች ፎቶግራፍ ሲፈለግ ወረቀቱ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ማተሚያ መኪና ለቤቱ የሚገዛም ሆነ በሱቁ አስቀምጦ ሊሠራበት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው፣ መኪናው ሥራ ፈትቶ በሚቀመጥበት ወራት ምን እንደሚሆን ነው።

እንደሚታወቀው በክርስቲያኑ ዘንድ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ሠርግ ይበዛል፤ ጾሙ ሲገባ 55 ቀን ጸጥ ይላል። ቀለም በመርጨት የሚያትመው መኪና ይህን ዕረፍት አይወድም። የመርጫው ቀዳዳዎች ከጠጉር የቀጠኑ ስለሆኑ ቀለሙ ይደርቅባቸዋል፤ ለማጽዳት ሲባልም ብዙ ቀለም በከንቱ ይፈስሳል። በርካሽ የሚሸጡት ባለ ትንሽ ካርትሪጅ መኪኖች በዚህ ረገድ የባሱ ናቸው፤ ርካሽነታቸው ለሻጩ እንጂ ለገዢው አይደለም።

ከዚሁ ወገን የተሻለው ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላው ነው። ለምሳሌ ኤፕሰን ኤል 8050 ስድስት ቀለም አለው፤ ከአራቱ የተለመዱ ቀለሞች በቀር ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና ፈዘዝ ያለ ቀይ ስለ ተጨመሩለት የፊትን መልክ አለስልሶ ያወጣል፤ እስከ ኤ 4 ወረቀትም ያትማል። ነገር ግን በየሳምንቱ አንድ ባለ ቀለም ገጽ ሊታተምበት፣ ሲዘጋም ከግድግዳው ሶኬት ሳይሆን በራሱ ቁልፍ ሊዘጋ ይገባል፤ መርጫው ክዳኑ ላይ የሚያርፈው እንዲህ ሲሆን ነውና። መብራት በድንገት ከጠፋ፣ ሲመለስ አብርቶ እንደገና መዝጋት ነው።

ሁለተኛው ዐይነት ካኖን ሴልፊ ሲፒ 1500ን የመሰለው ነው። ይህ በፈሳሽ ፋንታ ባለ ቀለም ሪባን እያሞቀ ቀለሙን ወደ ወረቀቱ ያሳልፋል፤ በመጨረሻም መከላከያ ሽፋን ያለብሰዋል። የሚደርቅ ነገር ስለሌለው ሁለት ወር ቢቀመጥም ሥራውን ይቀጥላል። ወረቀቱና ሪባኑ ለ108 ፎቶግራፍ በአንድነት ታሽጎ ስለሚሸጥ፣ ዋጋውን ለ108 ያካፈለ ነጋዴ የአንዱን ምስል ወጪ በሳንቲም ያውቀዋል። ጉድለቱ ከ10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ አለማተሙ ነው። በአንዱ ቅጠል ላይ ግን ስምንት ባለ 3 በ4 ጉርድ ፎቶግራፍ ይገባል።

እንግዲህ ለቤትና ሥራው የወቅት ለሆነ ሱቅ ሁለተኛው፣ ዕለት ዕለት ደንበኛ ለማይለየው ሱቅ ደግሞ የመጀመሪያው ይስማማል። የሌዘር መኪና ለደብዳቤ እንጂ ለፎቶግራፍ አይመከርም።

ስለ ምስሉ ጥራት፣ ለ10 በ15 ወረቀት 1,200 በ1,800 ነጥብ ይበቃል፤ የዛሬ ስልክ ሁሉ ከዚህ ያልፋል። ምስሉ በቴሌግራም ሲላክ ግን ስለሚጨመቅ ደንበኛው በፋይል መልክ እንዲልከው መንገር ያስፈልጋል።

አስመጪውም ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ መኪናውን በአንድ ዋጋ የገዛ ባለ ሱቅ ቀለሙን በሌላ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ መኪናውን ብቻ አስመጥቶ ቀለሙንና ሪባኑን ለኋላ ማቆየት ደንበኛን ያሳጣል፤ ሁለቱ በአንድ ጭነት ቢታዘዙ ይሻላል።