የሞተሩን ፍጥነት የሚናገረው ሽቦ ሲሳሳት

በ2013 ዓ.ም. በቡሬ ከተማ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። በእንዲህ ዓይነት ፋብሪካዎች ፓምፖችና ማጓጓዣዎች የሚንቀሳቀሱት በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የሞተርን ፍጥነት የሚወስነው ድራይቭ የተባለው መሣሪያ ፍጥነቱን ለመቆጣጠሪያ ክፍል የሚያሳውቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር በሚደርስ አናሎግ ምልክት ነው።

ምልክቱ ለምን ከዜሮ አይጀምርም? 4 ሚሊአምፒር «ሞተሩ ቆሟል» ማለት ሲሆን፣ ዜሮ ግን ሽቦው መበጠሱን ወይም ኃይል መቋረጡን ስለሚያመለክት ነው።

ከፍተኛው ፍጥነት 50 ኸርዝ ቢሆን፣ በ25 ኸርዝ 12 ሚሊአምፒር መውጣት አለበት። ማሳያው ግን 18.75 ኸርዝ ቢልስ? ድራይቩ ተበላሽቷል ብሎ በውጭ ምንዛሪ ሌላ ለመግዛት መቸኮል አይገባም። አስቀድሞ ኃይሉን ማጥፋት፣ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉም በመመሪያው የተጻፈውን ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የታመቀው ኤሌክትሪክ ይገድላልና። ከዚያም የምልክቱን ሽቦ ፈትቶ፣ በምትኩ የሚሊአምፒር መለኪያ አገናኝቶ፣ ሞተሩን በ25 ኸርዝ ማስኬድ ነው።

ንባቡ 12 ከሆነ ድራይቩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከሽቦው ወይም ከተቀባዩ ይፈለግ። 10 ከሆነ ድራይቩ የተስተካከለው ከ0 እስከ 20 ነው፤ ተቀባዩ ግን ከ4 ጀምሮ ይቆጥራል። ከ10 ላይ 4 ተቀንሶ ለ16 ሲካፈል 0.375፣ በ50 ሲባዛም 18.75 ይሆናል። መፍትሔው የድራይቩን ማስተካከያ መለወጥ ብቻ ነው።

ንባቡ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ የምልክቱ ሽቦ ከሞተሩ የኃይል ገመድ ጎን ለጎን ተዘርግቶ እንደሆነ ይታይ። እንግዲህ ከግዢ በፊት ልኬት ይቅደም።