ቀይና ነጭ ጉልላቶች

ሥዕሉ ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም፤ ቁመቱ 14.6፣ ወርዱ 13.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ስሙ «ቀይና ነጭ ጉልላቶች»፣ ሠዓሊው ፓውል ክሌ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1914 ነው (የሚከተሉት ዓመታትም እንዲሁ)። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ የውሃ ቀለም ካሬ ካሬ ሆኖ ጎን ለጎን ተቀብቷል። የቱ ግድግዳ፣ የቱ ጥላ እንደሆነ የሚለይ መስመር የለም። ከተማ መሆኑን የሚነግሩን ከካሬዎቹ መሐል ብቅ ያሉት ጉልላቶች ብቻ ናቸው።

መነሻው ቱኒዚያ ነው። ክሌ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ከሠዓሊዎቹ ከአውጉስት ማከና ከሉዊ ሙአዬ ጋር ካይሩዋንን ጎበኘ። ኡቅባ ኢብን ናፊ በ670 የቆረቆራት ይህች ከተማ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ ቤቶቿ ጠፍጣፋ ጣሪያ ያላቸው፣ በኖራ የነጡ ናቸው። ከጣሪያዎቹ በላይ የመስጊዶችና የመቃብር ቤቶች ጉልላቶች፣ እንዲሁም ባለሦስት እርከኑ የታላቁ መስጊድ ሚናራ ይታያሉ። ከተማዋ ራሷ የካሬና የግማሽ ክብ ከተማ ናት፤ ክሌ ቅርጹን ከሐሳቡ አልፈጠረውም።

የካይሩዋን ፀሐይ በአንድ ቀን ሠዓሊ አደረገችው የሚለውን ተረክ ግን አልቀበለውም። እርግጥ ከቀለም ጋር አንድ መሆኑን እዚያው በማስታወሻው ጽፏል። ይሁንና ቀድሞ በ1912 ፓሪስ ሄዶ ሠዓሊውን ሮቤር ደሎኔን አግኝቶት ነበር፤ ደሎኔ ስለ ብርሃን የጻፈውንም ወደ ጀርመንኛ መልሶ በ1913 አሳትሟል። ዓይኑ ተሰናድቶ ነው የመጣው።

እንደ ዤሮም ያሉ የቀደመው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች የሙስሊሙን ዓለም ሕንፃ ሲስሉ ሸክላ ጌጡን አንድ በአንድ ይለቅሙ ነበር። ክሌ አንዱንም አልነካ። ብርሃኑን አግኝቷል እላለሁ፤ የካይሩዋን ሰው ግን የሚሰግድበትን መስጊድ እዚህ ሥዕል ውስጥ ፈልጎ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። የሰው እግርም አይታይም። በዚያ ጉዞ እጁ ይበልጥ የተፍታታው ማከ ይመስለኛል፤ በዚያው ዓመት መስከረም ፈረንሳይ ውስጥ ጦር ሜዳ ላይ ሲሞት ዕድሜው 27 ነበር።

ሥዕሉ ዛሬ ያለው ጀርመን ውስጥ፣ ዱሰልዶርፍ ከተማ ባለ ሙዚየም ነው። ክሌ በዚያች ከተማ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ያስተምር ነበር፤ በ1933 ናዚዎች አባረሩት፣ በ1940 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሞተ። በ1960 የኖርድራይን ቬስትፋለን ክፍለ አገር መንግሥት 88 ሥራዎቹን በአንድ ጊዜ ገዛ፤ የዱሰልዶርፉ ሙዚየም ስብስብ የተጀመረው በእነዚያ ነው።