ሪኳየር ምን በደላችሁ?

ዛሬ ቢሮ ስገባ ስልኩ ይጮሃል። ወር መጨረሻ ነው፣ ደንበኞች ደረሰኝ ለማውጣት ሲጫኑ ሰርቨሩ 500 ይመልስላቸዋል። ኮዱ ዲፕሎይ ከተደረገ ደግሞ 11 ቀን አልፎታል። ሎጉን ከፈትኩት፦ ፋይሉ አልተገኘም።

አንዱ ልጃችን ከኖድ ኮዳችን፣ ከየፋይሉ አናት ላይ፣ ሞጁል የሚጠሩትን ሪኳየሮች ነቅሎ ሃንድለሮቹ ውስጥ በአዌይት ኢምፖርት በትኗቸዋል። ለምን ስለው «ሪኳየር ሲንክሮነስ ስለሆነ ሰርቨሩን ያዘገያል ተብለን ተምረናል» አለኝ።

እሺ፣ በቁጥር ላስቀምጠው።

1. ሪኳየር ሲንክሮነስ ነው፣ አልካድኩም። ፋይሉን አንብቦ ራን አድርጎ እስኪጨርስ ኢቨንት ሉፑ ይቆማል። ግን አናት ላይ ከተጻፈ ይሄ የሚሆነው ሰርቨሩ ሲነሳ ነው፣ ገና አንድ ሪክዌስት ሳይመጣ። ታዲያ ማንን አዘገየ?

2. ሁለተኛ ሲጠራ ከካሽ ነው የሚመጣው። «በየሪክዌስቱ ፋይሉን ያነባል» የምትሉ፣ እባካችሁ።

3. ኢምፖርት አሲንክሮነስ ነው ማለት ፈጣን ነው ማለት አይደለም። ፋይሎቹ እስኪነበቡ ሌላ ሥራ ይሠራል እንጂ የሞጁሉ ኮድ ራን ሲያደርግ ያው በዚያችው ትሬድ ላይ ነው። ከባድ ሞጁል ሃንድለር ውስጥ ከከተታችሁት ኢቨንት ሉፑን መያዙ አይቀርም፤ አሁን ግን ደንበኛ እየጠበቀ ነው የሚይዘው።

የእኔ ንዴት ግን ፍጥነቱ እንኳ አይደለም። ያልተገኘው ፋይል ስም በካፒታል ይጀምራል፣ ልጁ ኢምፖርቱ ላይ በስሞል ጻፈው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ለዚህ ግድ የለውም። ሰርቨራችን ሊኑክስ ነው፣ እሱ ግድ አለው። መስመሩ አናት ላይ ቢሆን ኖሮ ሰርቨሩ ዲፕሎይ በተደረገበት ዕለት አልነሳም ብሎ ይጮህ ነበር፣ በ2 ደቂቃ እናስተካክለው ነበር። ሃንድለር ውስጥ ስለተደበቀ ግን 11 ቀን አድፍጦ ሰው ሁሉ ደረሰኝ በሚፈልግበት ቀን ወጣ። (አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስፈልግ ግዙፍ ሞጁል ካለ ዘግይቶ መጫን ያስኬዳል። ግን አስባችሁበት፣ ቴስት ጽፋችሁለት።)

በዚህ ልጁን አልወቅስም። ብር ተቀብለው የዛሬ ስንት ዓመት ስላይድ የሚያነቡለትን አስተማሪዎች ነው። እነሱ ጋ «ሪኳየር ኢኤስ ሞጁልን መጫን አይችልም» የሚለው ዛሬም ፈተና ላይ ይመጣል አሉ! ኖድ 22.12 ከወጣበት ከ2024 ጀምሮ ያለ ምንም ፍላግ ይችላል። የማይችለው ሞጁሉ፣ ወይም እሱ የሚጠራው ሌላ ሞጁል፣ ከፈንክሽን ውጭ አዌይት ካለበት ነው፤ ምክንያቱም ሲንክሮነስ የሆነ ነገር ቆሞ የሚጠብቀው የለም፣ ኤረር ይሰጣል። ይቺን አንድ መስመር ስላይድ ላይ ለመጨመር ስንት ስብሰባ ይፈልጋል? ቃለ መጠይቅ ላይም ያንኑ የድሮ መልስ በቃል የሸመደደ ያልፋል፣ የገባው ይወድቃል።

አሁን ከልጁ ጋር ተቀምጠን 43 ፋይል ወደ ቦታው እየመለስን ነው። 19 ቀርቶናል።