የፍሬን ቱቦ አፍ

ስለ ላንድክሩዘር ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ባሌስትራው ነው። ከሻንሲው ሥር ተጣብቃ የተኛችውን፣ ከእርሳስ የምትቀጥነውን የፍሬን ቱቦ የሚያስታውሳት የለም። ውፍረቷ 5 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ያ ሁሉ ብረት ግን የሚቆመው በእሷ ነው።

መራዊ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ የሜጫ የክረምት ጭቃ ነውና ባለመኪናው ባሌስትራ ያስጨምርና መኪናውን ከፍ ያደርጋል። ያኔ የድሮው የፍሬን ጎማ ያጥራል፤ ቱቦውም አዲስ መስመር ይፈልጋል። ልክ ተለክቶ የሚሠራ ቱቦና መገጣጠሚያ የግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ ግፊቱን ወደ ጎማዎቹ እንደሚያደርስ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ምን እንደሆነ ነው።

ባለፈው ክረምት እዚያው መራዊ አንድ ጋራዥ ቆሜ ሳለ ወጣቱ መካኒክ የፍሬን ዳዶ ላይ ቴፍሎን ሲጠመጥም አየሁት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ያንጠባጥባል ጋሼ። የውሃ ፓምፕ ስንገጥም በዚህ ነው የምናቆመው። ውሃ ያቆመ ዘይት ያቅተዋል?»

ጥያቄው የሰነፍ አይደለም። መራዊ የመስኖ አገር ናት፤ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ ግድብ ደጃፏ ነው። እጁን በፓምፕ ያፍታታ ልጅ ጥርስን በቴፍሎን ማሸግ ለምዷል። ነገር ግን የውሃ ቧንቧ ጥርስ ወደ ጫፉ እየሾጠጠ የሚሄድ ነው፤ ሲጠብቅ ጥርስ ከጥርስ ይጣበቃል፣ የቀረችውን ክፍተት ቴፍሎኑ ይሞላል። የፍሬን ዳዶ ጥርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። ዘይት እንዲያቆም አልተሠራም። ሥራው የቱቦዋን አፍ ከመቀመጫው ጋር አጥብቆ መግፋት ብቻ ነው፤ የሚያሽገው ብረት ከብረት የሚገጥምበት ያ አፍ ነው። ዘይት ጥርሱ ዘንድ ከደረሰ ነገሩ ቀድሞ ተበላሽቷል። ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ግፊቱ ከ70 ባር ያልፋል፤ የቤት ቧንቧ ውሃ ጥቂት ባር ነው። ቴፍሎኑ ማንጠባጠቡን ለጊዜው ይደብቃል እንጂ አያድንም። ይባስ ብሎ ጥርሱን ስለሚያንሸራትተው እጅ ሳያውቀው ከልክ በላይ ያጠብቃል፣ አፉም ይሰነጠቃል። ብጣሹ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቀጫጭኑን ቀዳዳ ይደፍናል።

ያ አፍ በቅርብ ሲታይ ውብ ነው። ቱቦዋ በቱቦ መቁረጫ ትቆረጣለች እንጂ መጋዝ አይነካትም። የውስጥ ጠርዟ ይጠረጋል። ከዚያ በመያዣው ተነክሳ ጫፏ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ቀጥሎ ሾጣጣው ሲጫናት በራሷ ላይ ትተኛለች፣ ልክ የቀሚስ ጠርዝ ታጥፎ እንደሚዘመዘም። ድርቡ አፍ በ45 ዲግሪ ይከፈታል። ነጠላው አፍ ለፍሬን አይሆንም፤ ሲጠብቅና ሲነቀነቅ ይሰነጠቃል። የሎደር ሃይድሮሊክ መገጣጠሚያ ደግሞ በብዛት 37 ዲግሪ ነው። አንዳንዱ ጥርሱ ከፍሬኑ ጋር ገጥሞ ይገባል፤ በ8 ዲግሪ ልዩነት ግን አፉ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው።

የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ለፍሬን የምታደርጉ፣ እባካችሁ ተዉ። ለመታጠፍ ይመቻል፤ ሻንሲ ላይ ሲንቀጠቀጥ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። የሚሆነው ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የብረት ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቱቦ ነው። ከጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ቁልቁል የወረደ ሰው ለምን እንደምቆጣ ይገባዋል።

ልጁ ቴፍሎኑን ፈታው። አፉን ወደ ብርሃን አዞርነው፤ ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ቆረጠው፣ ጠረገው፣ ድርብ አፍ አወጣለት። ያማረ ነበር፤ ዳዶው ግን ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። አፍ ከወጣ በኋላ ደግሞ ዳዶ አይገባም። ምንም ሳይል ቆረጠውና ዳዶውን አስቀድሞ እንደገና ጀመረ። አየሩ ወጥቶ ሲያልቅ ፍሬኑን አንድ ደቂቃ ሙሉ ረግጬ ያዝሁለት፤ እሱ ከሥር ተኝቶ መገጣጠሚያውን በሶፍት ዞሮ ጠረገው። ሶፍቱን ከመኪናው ሥር ዘርግቶ አሳየኝ፤ ደረቅ ነበር።